የጽጌረዳ «አንገት መድፋት» ምንድን ነው?

ማታ ከሱቅ ተገዝቶ የመጣ ጽጌረዳ በማግሥቱ ጠዋት፣ ቀለሙ ሳይደበዝዝና አንድም ቅጠል ሳይረግፍበት፣ ከአበባው ሥር ባለው ቀጭን ክፍል ላይ ታጥፎ ወደ መሬት ሲያይ ይገኛል። አንገት መድፋት የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ሰው አበባው አርጅቷል ብሎ ይጥለዋል፤ እንዲህ ያለ ጽጌረዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ሳይሆን የተጠማ ነው፣ ያውም ውኃ ውስጥ ቆሞ።

ጽጌረዳ ውኃ የሚስበው በዘንጉ ውስጥ ከታች እስከ ላይ በተዘረጉ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። ቅጠሎቹ እርጥበታቸውን ወደ አየር ሲያተኑ፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ውኃ እንደ ተወጠረ ክር ወደ ላይ ይሳባል። ዘንጉ ሲቆረጥ ክሩ ይበጠስና ውኃው ወደ ውስጥ ሲሸሽ በተከፈተው ጫፍ አየር ይገባል። ከዚያ በኋላ አበባው ውኃ በሞላ ማስቀመጫ ውስጥ ቢቆምም፣ የገባው አየር መንገዱን ስለሚዘጋበት የሚጠጣው በጣም ጥቂት ነው። የታችኛው ዘንግ እንጨትነት ስላለው ውኃ ቢያጣም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንገቱ ግን ገና ለጋ በመሆኑ በዋናነት ደግፎ የሚያቆመው በሕዋሶቹ ውስጥ ያለው የውኃ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ የአበባውን ክብደት መሸከም ያቅተዋል።

ይህን ለባሕር ዳር ሰው በደንገል ማስረዳት ይቀላል። የጣና ታንኳ የሚንሳፈፈው የደንገሉ ውስጥ እንደ ስፖንጅ ሆኖ አየር ስለ ያዘ ነው፤ አየሩን ውኃ ሲተካው ታንኳው ይከብዳል፤ ባለቤቱም አውጥቶ ያደርቀዋል። በጽጌረዳ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ደንገልን የሚያንሳፍፈው አየር ጽጌረዳን ያስጠማዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ባክቴሪያ ነው። ከተቆረጠው ጫፍ የሚወጣው ፈሳሽና ውኃ ውስጥ የገቡ ቅጠሎች ሲበሰብሱ ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናሉ፤ ባክቴሪያዎቹ የሚፈጥሩት ዝልግልግ ነገርም የቱቦዎቹን አፍ ይደፍናል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ቀኑ ይሞቃል፣ አየሩም ይደርቃል፤ በዚህ ወቅት ቅጠሉ ብዙ ያተናል፣ ማስቀመጫው ውስጥ ያለው ውኃም ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ በጥር ሠርግ ሳምንት የቆየ ጽጌረዳ በመጋቢት ሦስት ቀን ባይሞላ የሚያስገርም አይደለም።

መከላከያው የሚጀምረው ቤት እንደ ደረሱ ነው። ማስቀመጫውን ጥቂት በረኪና ባለበት ውኃ አጥቦ በደንብ ማለቅለቅ፣ ውኃ ውስጥ የሚገቡትን ቅጠሎች ሁሉ ማንሳት፣ ከዚያም የዘንጉን ጫፍ በሳፋ ውኃ ውስጥ እንዳለ በስለታም ቢላዋ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ውኃ ውስጥ መቁረጡ ትርፍ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው፤ ምክንያቱም አዲሱ ጫፍ ሲከፈት የሚስበው አየር ሳይሆን ውኃ ይሆናል። ጫፉን በድንጋይ መቀጥቀጥ ግን ቱቦዎቹን ያደቅቃል እንጂ አይከፍትም። ውኃው በየሁለት ቀኑ ይቀየር፤ ጫፉም በዚያው ይቆረጥ።

ስኳር መጨመር የተለመደ ነው፤ አበባውን መመገቡም እውነት ነው። ነገር ግን ብቻውን ሲገባ ከአበባው ይልቅ ባክቴሪያውን ያበረታል። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ጥቂት ጠብታ በረኪና ሊያክልበት ይገባል፤ በረኪና ከገባበት ደግሞ ሎሚ አይጨመርም፣ ሁለቱ ሲገናኙ ጎጂ ጋዝ ይፈጥራሉና። ማስቀመጫውን ከበሰለ ማንጎና ሙዝ ማራቅም ይጠቅማል፤ ከፍሬው የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ አበባን ያስረጃል። ይህ ግን ከአንገት መድፋት የተለየ ጉዳት ነው።

አንገቱን የደፋው በቅርብ ሰዓት ከሆነ ማዳን ይቻላል። ጫፉን እንደ ተባለው ውኃ ውስጥ ቆርጦ፣ አበባውን አንገቱ ቀጥ እንዲል በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ፈልቶ ለብ እስኪል በቀዘቀዘ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ማቆም ነው። የፈላ ውኃ በውስጡ የሟሟውን አየር ስለሚያጣ ለዚህ ተስማሚ ነው። ጥልቅ ዕቃ ከሌለ ጽጌረዳውን ከነአበባው ሳፋ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ማስተኛትም ይሠራል። ከዚህ በኋላም አንገቱ ካልቀና፣ የታጠፈው ቦታ ሕዋሶች ተጎድተዋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዘንጉን ከአበባው ሥር ቆርጦ፣ አበባውን ብቻ በሰፊ ሳህን ውኃ ላይ ማንሳፈፍ ይቻላል።