የኬረላ ግዛት ምርጫ፣ ፓርቲዎችና ፍርድ ቤቶች

ኬረላ በህንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በአረቢያ ባሕር ዳርቻ የተዘረጋች ጠባብ ግዛት ናት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ካስተማሩት ህንዳውያን ብዙዎቹ የዚያ ተወላጆች ስለነበሩ፣ ስሟን ባያውቅም ሰዎቿን የሚያስታውስ አንባቢ አይጠፋም። ግዛቲቱ የተመሠረተችው ህንድ አስተዳደሯን በቋንቋ ላይ ተመርኩዛ ባዋቀረችበት በኖቬምበር 1956 ሲሆን (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ትራቫንኮር ኮቺንና ማላባር የሚባሉት የማላያላም ተናጋሪዎች አገሮች ያኔ በአንድ ተጠቃለሉ።

በ1957 በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ የኮሚኒስት ፓርቲ ከ126 መቀመጫዎች 60ውን አገኘ፤ በግል የተመረጡ ጥቂት አባላትም ስለደገፉት በኢ. ኤም. ኤስ. ናምቡዲሪፓድ የሚመራ መንግሥት አቋቋመ። ኮሚኒስቶች በድምፅ መስጫ ሣጥን ሥልጣን መያዛቸው በዓለም እምብዛም ያልታየ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ መንግሥቱ ያቀረበው የመሬት ማሻሻያና የግል ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠር ሕግ፣ የክርስቲያን አብያተ ክርስቲያናትን፣ ናይር የሚባለውን የሂንዱ ማኅበረሰብ ድርጅትንና የኮንግረስ ፓርቲን በአንድነት አስነሣበት። ዴልሂ ያለው ማዕከላዊ መንግሥት የግዛት መንግሥትን ለማሰናበት የሚያስችለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 356 ጠቅሶ በጁላይ 31 ቀን 1959 አሰናበተው። በምክር ቤቱ የነበረው አብላጫ ድምፅ ግን ያን ጊዜም አልፈረሰም ነበር፤ ስለ አንቀጹ በተነሡት ኋለኞቹ ክርክሮች የኬረላ ስም ሁልጊዜ የሚነሣውም ስለዚህ ነው።

የዛሬው የግዛቲቱ ምክር ቤት በ140 የምርጫ ክልሎች የተከፈለ ሲሆን፣ በየክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። ለብሔራዊው ታችኛ ምክር ቤት ደግሞ 20 ተወካዮች ይላካሉ። ሥርዓቱ ሲታይ ለትልልቅ ፓርቲዎች የሚያደላ ቢመስልም፣ ድምፁ በጣም የተቀራረበ በመሆኑ ትንንሾቹ ከፍ ያለ ዋጋ አላቸው። የ1965ቱ ምርጫ መንግሥት መመሥረት የሚችል ወገን ባለማስገኘቱ የተመረጠው ምክር ቤት አንድ ቀን እንኳ ሳይሰበሰብ ተበትኗል። ከዚያ ወዲህ ፓርቲዎቹ ከምርጫ በፊት መቀመጫ ተከፋፍለው በግንባር መቅረብን ለመዱ። በኮሚኒስት ፓርቲ (ማርክሲስት) የሚመራው የግራ ዴሞክራሲያዊ ግንባርና በኮንግረስ የሚመራው የተባበሩት ዴሞክራሲያዊ ግንባር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሥልጣንን እየተፈራረቁ ቆይተው፣ በ2021 የግራው ግንባር ዋና ሚኒስትር ፒናራዪ ቪጃያን 99 መቀመጫ ይዘው በመመለሳቸው ተራው ተሰበረ። ሙስሊም ሊግ የተባለው ፓርቲ በሰሜን ያለውን የማላፑራም አውራጃ አጥብቆ ይዟል። በ1964 የተቋቋመው ኬረላ ኮንግረስ ደግሞ ሲያድግ የሚከፈል፣ ሲከፈል የሚያድግ ፓርቲ እየተባለ ይቀለድበታል። የሂንዱ ብሔርተኞች ፓርቲ የሆነው ባራቲያ ጃናታ ፓርቲ ከግዛቲቱ ለታችኛው ምክር ቤት የመጀመሪያውን መቀመጫ ያገኘው በ2024፣ በትሪሹር ነው።

ዋና ከተማዋ ቲሩቫናንታፑራም ብትሆንም ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚያስችለው በኮቺ ነው፤ የላክሻድዊፕ ደሴቶች ጉዳይም የሚታየው እዚያ ነው። በ1959 የተሾሙት አና ቻንዲ በህንድ ከግዛቶች ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች በአንዱ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ናቸው። ከግዛቲቱ ተነሥቶ አገሪቱን ሁሉ የለወጠው ክስ ግን የካሳራጎዱ ገዳም አለቃ ኬሳቫናንዳ ባራቲ በመሬት ሕጉ ላይ ያቀረቡት ነው። 13 ዳኞች የተሰየሙበት የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 በ7 ለ6 ድምፅ፣ ፓርላማው ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ቢችልም መሠረታዊ መዋቅሩን ማፍረስ እንደማይችል ወሰነ።

የድምፅ መስጫ ማሽንም ህንድ ውስጥ መጀመሪያ የተሞከረው በዚህችው ግዛት፣ በ1982 በፓራቩር በ50 የምርጫ ጣቢያዎች ነው። ማሽኑን አስቀድሞ በፍርድ ቤት የተቃወመው ተወዳዳሪ ሲቫን ፒላይ በ123 ድምፅ ሲያሸንፍ፣ በተራው የተሸነፈው ኤ. ሲ. ጆዝ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1984 ሕጉ የሚያውቀው የወረቀት ድምፅን ብቻ ነው በማለቱ በ50ዎቹ ጣቢያዎች ምርጫው ተደገመ፤ ወንበሩም ለጆዝ ሆነ። ፓርላማው ሕጉን በ1988 አሻሻለ፤ በ2001 የኬረላ ምክር ቤት ሙሉ በሙሉ በማሽን ተመረጠ።