የሐረር ቡና ቅምሻና የጥራት ምዘና

የሐረር ቡና በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ከፍታዎች፣ ከጋራ ሙለታና ከበዴኖ እስከ ሐብሮ የሚለማ አረቢካ ነው። ሳይታጠብ ከነገለባው በፀሐይ ስለሚደርቅ የፍሬው ስኳር ቃና ወደ ጥሬው (ገና ወዳልተቆላው) ፍሬ ይዘልቃል። ጥሩው ብሉቤሪ (ትንሽ ጥቁር ሰማያዊ የፈረንጅ ፍሬ)፣ ቸኮሌትና ወይን ጠጅ የሚያስታውስ ጣዕም አለው። ይኸው የወይን ጠጅ ቃና ትንሽ ካለፈ ቡናው ኮመጠጠ ይባላል። የሐረርን ቡና የሚቀምስ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በዚህ ድንበር ላይ ነው።

በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው ድሬዳዋ የአካባቢው ቡና መውጫ በር ናት፤ ናሙናውም የሚመረመረው እዚያው ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ላልታጠበ ቡና በዘረጋው አሠራር ከመቶው 40 ነጥብ ለጥሬው፣ 60 ለሲኒው፣ ማለትም ተቆልቶ ለሚቀመሰው፣ ይሰጣል። ከጥሬው 30ው ለእንከን ብዛት፣ 10ሩ ለሽታ ነው። የሲኒው 60 ደግሞ ለንጽሕና፣ ለአሲዲቲ (እንደ ፍራፍሬ ምላስን ለሚያነቃቃው ቃና)፣ ለቦዲ (በአፍ ውስጥ ለሚሰማው ውፍረት)ና ለጣዕም እኩል 15 እየሆነ ይከፈላል። ላኪዎች ለውጭ ገዢ የሚያቀርቡበት ሌላው መለኪያ ከ100 ተቆጥሮ 80ና ከዚያ በላይ ያመጣውን ስፔሻሊቲ (ልዩ ጥራት ያለው) ይለዋል።

ጥሬው ሲታይ 350 ግራም ናሙና ተዘርግቶ ጥቁር፣ የሻገተ፣ ነቀዝ የበላውና የተሰበረ ፍሬ ይለቀማል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ ከሆነ በመጋዘን ሊሻግት ይችላል። በጆንያ ውስጥ የታፈነ ሽታ ካለ፣ በሲኒውም መውጣቱ አይቀርም።

ለምዘና የሚቆላው ከቤት ቡና ይልቅ ፈዘዝ ይላል። ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ተቆልቶ ፍሬው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠሽ ጠሽ እያለ ከፈነዳ በኋላ፣ ሁለተኛው ፍንዳታ ሳይጀምር ይወርዳል፤ ከዚያ ቢያንስ 8 ሰዓት ያርፋል። (ለጀበና አጥቁረን የምንቆላው ጥፋቱን ጭምር ስለሚያከስለው ለምዘና አይሆንም።) የተቆላው ሲቀዘቅዝ ከሌላው ነጥተው የሚቀሩ ፍሬዎች ሳይበስሉ የተለቀሙ ናቸው፤ ሲቀመሱ ጭድ ጭድ ወይም ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይላሉ። እሸቱን እየመረጡ ሳይሆን ቅርንጫፉን እያለቡ በሚለቅሙ ዘንድ ይበዛሉ።

ለአንድ ሲኒ 8.25 ግራም ቡና ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይመዘናል። ከአንድ ናሙና አምስት ሲኒ ይቀዳል። የእያንዳንዱ ሲኒ ፍሬ ለብቻው መፈጨት አለበት፤ አንድ የተበላሸ ፍሬ አንድ ሲኒ ብቻ እንዲያበላሽና ጥፋቱ እንዲታይ ነው። አንድ ላይ ከተፈጨ አምስቱም በጥቂቱ ይደበዝዛሉ፣ ማንም አይጠረጥርም።

ውሃው 93 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ሐረር ከተማ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከእሳት እንደወረደ ይፈስሳል። ዝቅ ባለችው ድሬዳዋ ግን 96 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ትንሽ ማብረድ ያስፈልጋል። የድሬዳዋ ውሃ ጠጣር ነው፤ ማፍያው ግድግዳ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው ማዕድን አሲዲቲውን ስለሚያደበዝዝ በተጣራ ውሃ መቅመስ ይሻላል።

ውሃው በተፈጨው ቡና ላይ ከፈሰሰ አራት ደቂቃ ሲሆን ከላይ የተንሳፈፈው የቡና ቅርፊት በማንኪያ ጀርባ ሦስት ጊዜ ተገፍቶ ይሰበራል። መዓዛው በዚያች ቅጽበት ይወጣልና አፍንጫ ወደ ሲኒው ተጠግቶ መጠበቅ አለበት። አረፋው ተጠርጎ ውሃው ወደ 70 ዲግሪ ሲወርድ ከማንኪያው በኃይል ፉት ይባላል፤ ድምፅ ማሰማት ነውር አይደለም፣ ቡናው በምላስና በላንቃ ላይ እንዲረጭ ነው።

የሐረር ቡና ላይ ፍርድ የሚሰጠው ለብ ሲል ነው። ትኩስ ሳለ የኮመጠጠውም የበሰለ ፍራፍሬ መስሎ ያልፋል። ሲቀዘቅዝ ጤነኛው ጣፋጭነቱን ይዞ ይቆያል፤ የተበላሸው ግን ወደ ሆምጣጤ፣ ሲብስም ወደ በሰበሰ ፍሬ ሽታ ይሄዳል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እሸቱ ለማድረቅ ሲሰጣ በወፍራሙ ተደርቦ ሳይገላበጥ መቆየቱ ነው። በባዶ መሬት ላይ የተሰጣው ደግሞ አፈር አፈር ይላል። ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ በስሱ ተዘርግቶ በቀን ብዙ ጊዜ የተገላበጠው ከሁለቱም ይድናል። ከአምስቱ ሲኒ አንዱ ብቻ ከኮመጠጠ ከንጽሕና ነጥብ ይቀነሳል፤ ሁሉም ከኮመጠጡ ግን ስህተቱ የመላው ጭነት ነው፣ የቱንም ያህል ብሉቤሪ ቢሸት።