በቁጥር የሚነዱበት የገጠር መንገድ፦ የሊምቡርግ የብስክሌት መረብ

በሰሜን ምሥራቅ ቤልጂየም የምትገኘው የሊምቡርግ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1995 ለብስክሌተኞች አዲስ የመንገድ መረብ ከፈተች። መረቡ ጋላቢውን ከአውራ ጎዳና አርቆ በእርሻ፣ በጫካና በቦይ ዳር ይወስደዋል፤ የሚመራውም በቁጥር ነው። በአውራጃዋ ውስጥ ብቻ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል።

ሐሳቡ የወጣው ከከሰል ጉድጓድ ነው። ሁጎ ቦለን የተባለ የማዕድን መሐንዲስ ከመሬት በታች መተላለፊያዎች የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ቁጥር እንዳለው፣ ሠራተኛውም በዚያ ቁጥር አቅጣጫውን እንደሚለይ ያውቅ ነበር። ያንኑ ዘዴ ለገጠር መንገድ አዋለው። ጊዜውም የሚገርም ነው፤ ከአውራጃዋ ሰባት የከሰል ማውጫዎች የመጨረሻው፣ ዞልደር፣ የተዘጋው በ1992 ነበር።

ከዚያ በፊት የተለመደው ስም የተሰጠው ክብ ጉዞ ነበር። አንዴ ከገቡበት እስከ መጨረሻው መከተል ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ዝናብ ቢመጣ ወይም ጉልበት ቢከዳ ማሳጠሪያው አይታወቅም። በአዲሱ መረብ ግን መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ቁጥር ያለበት ሰሌዳ ይቆማል፤ ቀስቶቹም ቀጥለው ያሉትን ቁጥሮች ያመለክታሉ። ተጓዡ ቤቱ ሆኖ ካርታ ያያል፣ ለምሳሌ 23፣ 67፣ 8፣ 41 ብሎ በቁራጭ ወረቀት ይጽፍና መሪው ላይ ይለጥፋል። ሐሳቡን ከቀየረ በሚቀጥለው መገናኛ ይታጠፋል። ስልክ በየኪሱ ባለበት በዚህ ዘመን እንኳ ወረቀቱ አልጠፋም፤ እኔም ብሆን ባትሪ ከማይጨርሰው ጋር እወግናለሁ።

ጸጥታው ግን ከቁጥሩ አይመጣም፤ ከመንገዱ ምርጫ እንጂ። አንደኛው ምንጭ የቦይ ዳር ነው። በ1826 እንደተጠናቀቀው ዛይድ ቪለምስፋርት ባሉ አሮጌ ቦዮች ዳር ጀልባ በገመድ ይጎተትበት የነበረው መንገድ ሜዳማና ከመኪና የራቀ ነው። ሁለተኛው የተተዉ የባቡር መስመሮች ናቸው፤ ከሰል ያመላለሱ ስለነበሩ ዳገታቸው ለስላሳ ነው። ሦስተኛውና ሰፊው ደግሞ ለገበሬዎች የተሠራው ጠባብ የኮንክሪት መንገድ ነው። ብዙዎቹ ለትራክተር፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የተፈቀዱ ናቸው። ምልክቱን ንቆ የሚገባውን ሾፌር ለመከልከል አንዳንድ ቦታ መሐል መንገዱ ላይ ዝቅ ያለ የኮንክሪት ጉብታ ይሠራል። ከፍ ያለው ትራክተር ከላዩ ያልፋል፤ የቤት መኪና ግን ሆዱ ይያዛል። ከቅጣት ማስጠንቀቂያ ይልቅ ይህ የሚሻል ይመስለኛል።

አውራ ጎዳናን ፈጽሞ አለመንካት አይቻልም። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች የሚጨነቁት ማቋረጫው ላይ ነው፦ ድልድይ፣ ከጎዳናው በታች የሚያልፍ መተላለፊያ ወይም የትራፊክ መብራት ወዳለበት ለመድረስ ሲሉ መንገዱን ያጣምሙታል። የጸጥታው ዋጋ ይህ ነው። ሥራ ለመድረስ የሚቸኩል ሰው መረቡን ቢከተል ይረፍድበታል፤ ለእሱ ፍላንደርስ (ሊምቡርግ የምትገኝበት የቤልጂየም ሰሜናዊ ክልል) በባቡር ሐዲድና በቦይ አጠገብ ቀጥ ያሉ የብስክሌት ፈጣን መንገዶችን ለብቻ ትዘረጋለች። በክፍት ቦይ ዳር ደግሞ ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ከዳገት አያንስም። እሑድ ፀሐይ ከወጣች ከመኪና የሸሸው ሰው በኤሌክትሪክ ብስክሌት ሰልፍ መሐል ራሱን ያገኛል።

ሊምቡርግ በመረቡ ላይ መስሕቦችንም አክላለች። ከ2016 ጀምሮ በቦክራይክ ኩሬ መሐል የሚያልፍ መንገድ አለ፤ ውኃው በግራና በቀኝ ጋላቢው ዓይን ትይዩ ይደርሳል። በ2019 በሄክትል-ኤክሰል ጫካ የተከፈተው 700 ሜትር ክብ ድልድይ ደግሞ ቀስ በቀስ እየወጣ 10 ሜትር ከፍታ ላይ በጥዶች መሐል ያዞራል። ሁለቱም ዝነኞች ናቸው፤ ጸጥታ ለሚፈልግ ግን የሥራ ቀን ጠዋት ይመረጣል።

ዘዴው መላውን ፍላንደርስ አዳርሷል፤ ከ1999 ጀምሮም ወደ ኔዘርላንድ ተሻግሮ አገሩን ሸፈነ ማለት ይቻላል፤ የጀርመን ድንበር አካባቢዎችም ወስደውታል። ቤልጂየም ውስጥ ቁጥሩ በሰማያዊ ላይ ነጭ፣ ኔዘርላንድ ውስጥ በነጭ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይጻፋል። የወደቀ ወይም የዞረ ሰሌዳ የሚፈልጉ በጎ ፈቃደኞች መስመሮቹን እየዞሩ ያያሉ፤ አንድ ቀስት ከጠፋ የወረቀቱ ዝርዝር ከዚያ በኋላ አይረባምና።