የሴቶች የልቦለድ ሽልማት

የሴቶች የልቦለድ ሽልማት በእንግሊዝኛ ለተጻፈ የሴት ደራሲ ረጅም ልቦለድ በብሪታንያ በየዓመቱ የሚሰጥ ሽልማት ነው። ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመመሥረቱ ሰበቡ ታዋቂው የብሪታንያ የልቦለድ ሽልማት፣ የ1991ዱ ቡከር፣ ነበር፤ በመጨረሻው ዙር የቀረቡት ስድስቱም ደራሲዎች ወንዶች ነበሩ። በዚህ የተቆጩ አሳታሚዎች፣ ሐያሲያን፣ መጽሐፍ ሻጮችና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች መክረው ሽልማቱን መሠረቱ። በ1996 የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሄለን ደንሞር ሆነች። እስከ 2012 የስልክ ኩባንያው ኦሬንጅ፣ ከ2014 እስከ 2017 የመጠጥ ምርቱ ቤይሊስ ዋና ስፖንሰር ሆነውታል።

ለውድድር የሚቀርበው ከሚያዝያ 1 እስከ መጋቢት 31 ባለው ጊዜ በብሪታንያ የታተመ ልቦለድ ነው። የደራሲዋ ዜግነት አይጠየቅም፤ ትርጉምና የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ ግን አይገቡም። መጽሐፉን የሚያቀርበው አሳታሚው ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር ይፋ የሚሆነው ጊዜው ሳይዘጋ፣ በመጋቢት ስለሆነ፣ በውድድሩ ዓመት ማብቂያ የሚወጡትን ዳኞች ከኅትመት በፊት ማንበብ አለባቸው። አምስቱ ዳኞች፣ ሁሉም ሴቶች፣ 16 መጻሕፍት ይመርጣሉ፤ ቀጥሎ 6 ያስቀራሉ። አሸናፊዋ 30,000 ፓውንድና «ቤሲ» የተባለችውን የነሐስ ምስል ትወስዳለች። ገንዘቡ ስሙን ካልገለጸ ለጋሽ ቋሚ ስጦታ የሚከፈል በመሆኑ የስፖንሰር መቀያየር አልነካውም፤ ይህ አርቆ አሳቢነት ነው።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤ. ኤስ. ባያት ሽልማቱን «ጾታ ለይ» ብላ መጻሕፍቷ እንዳይቀርቡ ከልክላለች። ትችቱ ክብደት ቢኖረውም በ2007 ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቼን የመሳሰሉ ደራሲያንን ለብዙ አንባቢ ያደረሰ ሽልማት በዚህ ብቻ አይመዘንም።

ወላጅን መጦርና በሽተኛን ማስታመም የቤት ጓዳ ጉዳይ እየተባለ ከጽሑፍ ዓለም ሲገፋ ኖሯል። ሽልማቱ ግን ደጋግሞ ለዚህ ቦታ ሰጥቷል። የ2009 አሸናፊ፣ የማሪሊን ሮቢንሰን «ሆም»፣ አባቷን በመጨረሻ ዘመኑ ለማስታመም ወደ ቤት የተመለሰች ልጅን ይተርካል፤ የ2020ው የማጊ ኦፋረል «ሃምኔት» ደግሞ ልጆቿ የታመሙባትን መድኃኒት አዋቂ እናት። ከሽልማቱ መሥራቾች አንዷ የሆነችው ደራሲ ኬት ሞስ ራሷ ፓርኪንሰን የተባለው የነርቭ በሽታ የያዘውን አባቷን፣ ከዚያ እናቷን፣ ቀጥሎም የባሏን እናት ስለመጦሯ በ2021 መጽሐፍ አሳትማለች። እንዲህ ያለው የእውነት ታሪክ በልቦለዱ ውድድር ስለማይገባ መድረክ አልነበረውም፤ በ2024 ኢ-ልቦለድ ለሆኑ ሥራዎች 30,000 ፓውንድ የሚሰጥ እኅት ሽልማት ተጀመረ። በ2025 ያሸነፈችው የሕይወት ማብቂያ እንክብካቤ ሐኪሟ ሬቸል ክላርክ ናት፤ መጽሐፏ የአንዲት ሕፃን ልብ ለሌላ ሕፃን እንዴት እንደተላለፈ ይተርካል።