የሞተር መጋዝ ፓራኦሊዮ፦ የሚወራው እና እውነታው

ክረምቱ ሲወጣ ባሕር ዳር ያለው ቤቴ በረንዳ በሞተር መጋዝ ይሞላል። በመራዊ በኩል ባሕር ዛፍ የሚቆርጡ ልጆች በማዳበሪያ ጠቅልለው ያመጡልኛል። በቅርቡ አንዱ «ጋሼ፣ ካርቡራቶሩን ሁለቴ ቀየርኩት፤ አሁንም ብቻውን ይጮሃል» አለኝ። ካርቡራቶሩ፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል፣ ምንም አልነበረበትም። ያለቀው ፓራኦሊዮው ነው፤ ኮሎው (ፒስተኑ የሚያሽከረክረው ዘንግ) ከሞተሩ በግራና በቀኝ በሚወጣበት ቦታ የምትቀመጠው የጎማ ቀለበት። ስለዚች ቀለበት ደግሞ የማይወራ የለም።

«ዘይት ካላፈሰሰ ደህና ነው»

ይሄ ከመኪና የመጣ ሐሳብ ነው። የመኪና ሞተር ዘይቱን ከታች ያጠራቅማል፤ ፓራኦሊዮው ሲያረጅ መሬቱ ይቆሽሻል። መጋዝ ግን ባለ ሁለት ምት ነው። ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ የኮሎው ቤት ይስባል፤ ሲወርድ ይገፋል። ያረጀ ፓራኦሊዮ በሚስብበት ሰዓት አየር ያሾልካል። ያ አየር በካርቡራቶር አላለፈም፤ ቤንዚንም ዘይትም የለውም። ድብልቁ ይቀጥናል፣ ሞተሩ ይግላል፣ መጨረሻ ላይ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል።

ስለዚህ ጠብታ አትጠብቁ፤ ጠባዩን እዩ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጡት ሲሠራ፣ አይረጋም። ጋዝ ሲለቁት ቶሎ አይወርድም። ወደ ጎን ሲያጋድሉት ድምፁ ይቀየራል። «ዛሬ ጉልበት ጨመረ» የሚባልለት ቀጭን ጩኸትም ብዙ ጊዜ ይሄው ነው።

«ቤት ውስጥ መፈተሽ አይቻልም»

ይቻላል። ከአሮጌ የባጃጅ ከመነዳሪ ሁለት ቁራጭ እቆርጣለሁ። ቀዳዳዎቹ እንዲዘጉ አንዱን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ስር፣ ሌላውን ካርቡራቶሩ ስር አድርጌ መልሼ አስራለሁ። ፒስተኑን ወደ ታች አወርድና በካንዴላው (እሳት በሚሰጠው) ቀዳዳ በእጅ ፓምፕ 0.5 ባር ያህል አየር እሰጠዋለሁ። ኮምፕረሰር አይሞከርም! ከዚያ የሳሙና ውኃ በፓራኦሊዮው ዙሪያ። የልጁ መጋዝ በፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ሰንሰለቱ በሚያስተላልፈው ክፍል) በኩል እንደ ጠላ አረፋ ኩፍ አለ። አረፋ ባይወጣም መሳቡንም መፈተሽ ነው፤ ሲገፋ የሚይዝ፣ ሲስብ የሚያሾልክ አለ።

«ሲሊኮን ይበቃዋል»

አይበቃም። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን አይችልም። የሚሽከረከር ዘንግስ በምን ማጣበቂያ ይታሸጋል?

«ፍሪሲዮኑ አልፈታ ካለ በመዶሻ»

በዚያ በኩል ያለው ፓራኦሊዮ ጋ ለመድረስ ፍሪሲዮኑ መፈታት አለበት። በአብዛኞቹ መጋዞች የፍሪሲዮኑ የብሎን ጥርስ ግራ ነው፤ የሚፈታው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሲዞር ነው። ሰው በለመደው አቅጣጫ እየታገለ ያጠብቀዋል፣ ከዚያ መዶሻ ያነሳል፣ ከዚያ ኮሎው ይጣመማል። ፒስተኑን ወደ ላይ አምጥቶ የጭስ መውጫውን ሲዘጋው፣ በካንዴላው ቀዳዳ ንጹሕ ገመድ ማስገባት ነው። ፒስተኑ ገመዱ ላይ ይቆማል፤ ፍሪሲዮኑም ይለቃል።

«ጎማ ስለሆነ በየትም በኩል ይገባል»

ቀጭን ስፕሪንግ ያለበት ከንፈሩ ወደ ሞተሩ ውስጥ ነው የሚያየው። ኮሎው ላይ ያለውን የብሎን ጥርስ በፕላስተር ሸፍኑት፤ አለዚያ አዲሱን ከንፈር ይቆርጠዋል። ከንፈሩን ትንሽ ግራሶ መቀባት፣ ከዚያ ልኩ በሆነ ቡሶላ (ክብ የብሎን መፍቻ) ቀስ እያሉ ቀጥ አድርጎ ማስገባት። ሥራውን ማታ አምፑል ስር አትጀምሩ። ከሐይቁ የሚመጣው ትንኝ ተከፍቶ ያደረ ሞተር ይወዳል።

አንዱን ብቻ መቀየርም አያዋጣም፤ ሁለቱም እኩል ነው ያረጁት። ኮሎው ሲነቀንቁት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ኮሎው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው፤ እሱ ሳይቀየር አዲስ ፓራኦሊዮ ብዙ አይቆይም።

«ዘይት ካበዛሁ ይጠብቀዋል»

ዘይት ሲበዛ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፤ ድብልቁ ይብስ ይቀጥናል። መመሪያው 50 ለ 1 ካለ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ነው።

«ከገጠሙ በኋላ ሥራው አለቀ»

ልጁ የሚሾልከውን አየር ለማካካስ የካርቡራቶሩን ቪቴ (የቤንዚኑን መጠን የሚያስተካክለውን ብሎን) ከፍቶት ኖሯል። ቀዳዳው ሲዘጋ ቤንዚኑ በዛ። ከተማችን ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቤንዚኑ ጭራሽ ይበዛበታል። አስነሳሁት፤ ግቢው በጭስ ተሞላ። «ጋሼ፣ አበላሹት እንዴ?» አለኝ። ቪቴውን ቀስ እያልኩ መልሼ ዘጋሁት።