ስፒንኦፍ ምንድን ነው? (ቴፍሎኑን ግን ተዉት)

ሰሞኑን ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ስሄድ ታክሲው ውስጥ ኤፍኤም ተከፍቶ አንድ ተንታኝ "ጠፈር ለድሃ አገር ቅንጦት ነው" ለሚሉ ሰዎች መልስ እየሰጠ ነበር። ቴፍሎን መጥበሻ የናሳ (የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት) ነው፣ ቬልክሮ (ልብስና ጫማ ላይ ያለው ተጣባቂ ማያያዣ) የናሳ ነው፣ ጂፒኤስ ስፒንኦፍ ነው፣ የኛም ሳተላይት ገና ብዙ ስፒንኦፍ ያመጣልናል፣ ደሞ 1 ዶላር ብታወጣ 7 ዶላር ይመለሳል አለ። ጋዜጠኛውም "በጣም የሚገርም ነው" እያለ ይቀበለዋል። እኔ የሳተላይት ምስል እየተነተንኩ ነው እንጀራዬን የምበላው፣ ለጠፈር ገንዘብ ይውጣ ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ግን እውነቱን ለመናገር በዚህ ክርክር ከተቃዋሚው ይልቅ ደጋፊው ነው ደሜን የሚያፈላው።

ስፒንኦፍ ማለት ለጠፈር ስራ ተብሎ የተሰራ ነገር ካልታሰበለት ቦታ ገብቶ ሌላ ጥቅም ሲሰጥ ነው። በቃ ይሄው ነው። ድግስ አለ፣ ለድግሱ ጠላ ይጠመቃል፣ ጋኑ ሲያልቅ አተላ ይተርፋል፣ አተላው ከብት ያደልባል። አተላው ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፣ ከብት የሚያደልብ ሰው ያውቀዋል። ግን ሁለት ነገር መጠየቅ አለብህ፦ አተላው የወጣው በርግጥ ከዚህ ጋን ነው ወይ? ደሞስ አተላ ነው ወይስ ራሱ ጠላው?

በመጀመሪያው ጥያቄ ብቻ የተንታኙ ዝርዝር ግማሹ ይወድቃል። ቴፍሎንን ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ሮይ ፕላንኬት የሚባል ኬሚስት ያገኘው እ.ኤ.አ በ1938 ነው፣ ናሳ የተቋቋመው በ1958፣ የ20 አመት ልዩነት ነው እንግዲህ። ቬልክሮ የስዊዘርላንዱ የጆርጅ ደ ሜስትራል ነው፣ ሰውየው ልብሱና ውሻው ላይ የተጣበቀውን ጭጎጎት አይቶ ነው ሃሳቡ የመጣለት፣ ፓተንቱ 1955። ታንግ የሚባለው የዱቄት ጁስም ጠፈርተኛው ጆን ግሌን በ1962 ይዞት ከመብረሩ በፊት ሱቅ ውስጥ ይሸጥ ነበር። ናሳ ራሱ "እነዚህን እኔ አልፈጠርኳቸውም፣ ተጠቀምኩባቸው እንጂ" ብሎ ጽፏል። የጎረቤት ጋን ነው እኮ! ባለቤቱ የኔ አይደለም እያለ እኛ የሱ ነው ብለን እንሟገትለታለን።

እውነተኛዎቹ የሉም ማለቴ አይደለም። ስልክህ ውስጥ ያለው ካሜራ የሚሰራበት ሴንሰር (ሲሞስ የሚባለው) በ1990ዎቹ መጀመሪያ ናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ውስጥ ኤሪክ ፎሰም ለመንኮራኩር ቀላልና ትንሽ ካሜራ ሲፈልግ ያሳደገው ነው። ሜሞሪ ፎም ፍራሹም በ1966 ለአውሮፕላን ወንበር ተብሎ በናሳ ኮንትራት የተሰራ ነው (ልብ በል፣ እሱም ራሱ የአቪዬሽን ስራ እንጂ የጠፈር አይደለም)። የካሜራው ነገር ላይም አንድ ነገር ልጨምር፣ ጃፓን ውስጥ ኦሊምፐስ በ1980ዎቹ ተቀራራቢ ሴንሰር ሲሞክር ነበር። ስለዚህ "ናሳ ባይኖር የስልክ ካሜራ አይኖርም" አይባልም፣ "ቶሎና በተሻለ መልክ እንዲመጣ አደረገ" ይባላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል ግን ክርክሩ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

የኮምፒውተር ቺፑም እንደዚሁ ነው። ቺፑን (ኢንተግሬትድ ሰርኪዩት የሚባለውን) ናሳ አልፈጠረም፣ የጃክ ኪልቢና የሮበርት ኖይስ ስራ ነው፣ 1958 እና 1959። አፖሎ፣ የናሳ የጨረቃ ጉዞ ፕሮግራም፣ ያደረገው ምንድነው፣ ዕቃው ገና ውድና የማይታመን በነበረበት ሰአት ለመንኮራኩሩ ኮምፒውተር በብዛት ገዛው፣ ጥራቱ እንዲስተካከልም አስገደደ፣ ከጎኑ ደሞ የሚኒትማን ሚሳኤል ፕሮግራም ገዢ ነበር። ይሄ አተላ አይደለም፣ ድግሱ ትልቅ ስለሆነ የጌሾ ነጋዴው የጠነከረበት ነው። በኔ እይታ ከመጥበሻው ወሬ አስር እጥፍ የሚበልጥ ክርክር ነው፣ ግን ኤፍኤም ላይ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

የ7 ዶላሩ ነገር ደሞ፣ አይ። ከዚህ ቁጥር ጋር ስሙ የሚነሳው ሚድዌስት ሪሰርች ኢንስቲትዩት በ1971 ያወጣው ጥናት ነው፣ ለሲቪል ጠፈር ምርምር የወጣው 25 ቢሊዮን ዶላር እስከ 1987 ድረስ 181 ቢሊዮን ይመልሳል ብሎ የገመተ። የገመተ ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም ጥናቱ የናሳን ውጤት ለብቻው አልለካም፣ የአሜሪካ ምርምር በአጠቃላይ ለኢኮኖሚው ምን ያህል ያስገኛል የሚለውን አስልቶ የናሳም እንደዚያው ነው ብሎ ነው የተነሳው። ስለዚህ ቁጥሩ ስለ ምርምር ነው የሚናገረው፣ ስለ ጠፈር አይደለም። ያንኑ ብር ለእርሻ ምርምር ብታወጣው በዚያው ስሌት ያው 7 ይመጣልሃል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ዋና ነገር ልምጣ። ጂፒኤስ ስፒንኦፍ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ቦታ ለማወቅ ብሎ ሰራው፣ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ወጣ፣ አንተም ዛሬ የምትጠቀምበት ቦታ ለማወቅ ነው። የኛው ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ም እ.ኤ.አ ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ቻይና ከታይዩዋን ሲወነጨፍ እርሻን፣ ውሃንና አካባቢን ለማየት ነው የተላከው። የእርሻ ምስል ሲልክ "ስፒንኦፍ ሰጠን" የሚል ሰው ጠላውን ቀድቶ አቀረብኩላችሁ አተላ እያለ ነው። ሲያሞግስ ነው ያሳነሰው።

ይሄ የቃላት ጨዋታ አይደለም፣ መልሱን የሚያበላሸው ይሄ ነው። አንዲት እናት "ይሄ ገንዘብ ለምን ለስንዴ አልዋለም?" ብላ ብትጠይቅህና አንተ አተላውን ብትቆጥርላት፣ "የፈለግከው የከብት መኖ ከሆነ መኖ ግዛበታ፣ ጋን ሙሉ ጠላ ምን አስጠመቀህ?" ብትልህ መልስ የለህም። ትክክል ናት። የተሻለ መጥበሻ የፈለገ ሰው መጥበሻ ላይ ምርምር ያደርጋል፣ ጨረቃ አይሄድም።

ጥያቄው ደሞ የኛ ብቻ አይደለም። በ1970 ዛምቢያ ትሰራ የነበረች ሲስተር ሜሪ ጁከንዳ የምትባል መነኩሲት ናሳ ማርሻል ማእከል ውስጥ ለነበረው ሳይንቲስት ለኤርንስት ስቱሊንገር ጻፈችለት፣ ህጻናት እየተራቡ እንዴት ቢሊዮኖች ለጠፈር ይወጣሉ አለችው። መልሱ እስከዛሬ ሲጠቀስ ይኖራል፣ ጥሩ የማሳመን ጽሁፍም ነው፣ አይንቃትም፣ ጥያቄዋን አክብሮ ይጀምራል። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ግን ውስጡ ያለውን ተረት ነው፦ ከ400 አመት በፊት ጀርመን ውስጥ ለድሃ የሚመጸውት አንድ ባላባት ነበረ፣ መስታወት እየሞረደ ትንንሽ ነገር አጉልቶ የሚያይ ሰው አገኘና ወደ ቤቱ ወስዶ ረዳው፣ ህዝቡ በወረርሽኝ እያለቀ ገንዘቡን ለቅብጠት አባከነ ብሎ ተቆጣ፣ ከዚያ ስራ ግን ማይክሮስኮፕ ወጣ፣ ማይክሮስኮፑም ወረርሽኙን ለማሸነፍ ረዳ።

ያምራል። ግን ባላባቱ የረዳቸው ሌሎች መስታወት ሞራጆች ካሉ፣ ምንም ያልወጣላቸው፣ ተረቱ ውስጥ አይገቡም፣ ያሸነፈው ብቻ ነው የሚተረከው። ያሸነፈውን መርጠህ ወደኋላ ብትተርክ የማታስመሰግነው ወጪ የለም። የደብዳቤው ጠንካራ ክፍል ሌላ ቦታ ነው፣ ሰው የሚዘለው ቦታ፦ ሳተላይት ከላይ ሆኖ ሰብልን፣ አፈርን፣ ድርቅን ማየት ይችላል ይላል። ቀጥተኛ ጥቅም ነው ይሄ፣ ጠላው ራሱ። ከሁለት አመት ትንሽ አለፍ ብሎ በጁላይ 1972 ላንድሳት 1 የሚባለው ምድርን የሚያይ የአሜሪካ ሳተላይት ወጣ፣ ምስሉም ከ2008 ጀምሮ ለማንም ሰው በነጻ ነው። ተረቱን ቆርጦ ያንን ብቻ ቢልክላት ኖሮ እኔ ይበልጥ አምነው ነበር።

የኛን አገር ምሳሌ ከተፈለገ ሞልቷል፣ መጥበሻ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጋር ተያይዞ አሜሪካኖቹ በ1985 ፊውስኔት የሚባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አቋቋሙ፣ የእጽዋትን አረንጓዴነት ከሳተላይት እየለካ የሚሰራ። ቦረና ላይ እ.ኤ.አ ከ2012 ጀምሮ ለአርብቶ አደሩ የሚሸጥ ኢንሹራንስ አለ፣ ማንም ሄዶ የሞተ ከብት አይቆጥርም፣ ሳተላይቱ የግጦሹን አረንጓዴነት ካለፉት አመታት ጋር ያወዳድርና ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ ክፍያ ይለቀቃል።

እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም በል ቢለኝም አልችልም። ኢንሹራንሱ የሚያየው የአካባቢውን አማካይ ነው፣ ያንተ ከብት ሞቶ የአካባቢው ግጦሽ ግን ደህና ከሆነ አይከፈልህም። አንድ ጥማድ መሬት ወደ ሩብ ሄክታር ነው እንበል፣ ላንድሳት በ30 ሜትር ፒክሰል ሲያየው ሶስት ነጥብ እንኳ አይሞላም፣ የአውሮፓው ሳተላይት ሴንቲኔል-2 በ10 ሜትር ሲያየው 25 ነጥብ ይሆናል፣ ይሄ ነው ጤፍን ከስንዴ ለመለየት የምንታገልበት። ሁለቱም ደሞ በደመና ውስጥ አያዩም፣ ሰብሉ የሚያድገው ደሞ ክረምት ነው፣ ሀምሌና ነሐሴ ላይ የማወርደው ምስል ስንቱ ነጭ ጥጥ ነው መሰላችሁ! ለዚያ ራዳር አለ፣ ሴንቲኔል-1፣ ደመናውን አልፎ ያያል፣ ግን የሚሰጥህ አረንጓዴነትን ሳይሆን የእርጥበትና የቅርጽ ምልክት ስለሆነ አንባቢው ሌላ ስልጠና ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ደሞ ማየት ማብላት አይደለም። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በኛ አቆጣጠር በመጋቢት 1976፣ አለም ለረሃቡ ከመድረሱ በፊት፣ ለለጋሾች አቤት ብሎ ነበር፣ የጎደለው መረጃ ብቻ አልነበረም። ሳተላይት የሚያሳጥረው ከድርቁ እስከ ማወቁ ያለውን ጊዜ ነው፣ ከማወቁ እስከ ስንዴው ያለው የሰው ስራ ነው።

አሁን ተንታኙ ምን እንደሚለኝ ይገባኛል፦ "እንደዚህ ካልክ ማርስንና ጨረቃን በምን ትከላከላቸዋለህ? እነሱ ሰብል አይቆጥሩ።" ትክክል፣ አይቆጥሩም። ማርስ የሚኬደው ማርስን ለማወቅ ነው፣ ይህንኑ በግልጽ መናገር ነው። ጉዞውን በስልክ ካሜራ ለመሸጥ ከሄድክ ተቃዋሚህ ካሜራውን በርካሽ የሚሰራ ላብራቶሪ ያሳይሃል፣ ከዚያ ወዴት ትሄዳለህ? እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ለጤፍ ምንም አይጠቅሙም። ኮከብ ለማየትና አስትሮኖሚ የሚማሩ ልጆች በራሳቸው አገር ዳታ እንዲሰሩ ነው የተተከሉት፣ ሲጠየቅም ይሄው ይመለስ። ለዚህ ይሄ ሁሉ ብር በዝቷል የሚል ካለም በሱ ላይ ፊት ለፊት እንከራከር፣ መጥበሻው ይቅርብን።