ኤምፒቪ ከፍ አለ ማለት ሀርት አታክ ነው?

የደም ምርመራ ውጤታችሁ ላይ «ኤምፒቪ ከፍ ብሏል» የሚል አይታችሁ ለተጨነቃችሁ፦ ይህ ብቻውን ሀርት አታክ ማለት አይደለም።

ኤምፒቪ የፕሌትሌቶችን አማካይ ትልቀት ይለካል። ፕሌትሌት ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ጥቃቅን ሴል ነው። ብዛቱ ሌላ መለኪያ ነው፤ በአዋቂ ሰው በአብዛኛው በማይክሮ ሊትር ከ150,000 እስከ 450,000 ነው።

ተለቅ ያሉ ፕሌትሌቶች ይበልጥ ንቁ ናቸው፣ ቶሎም ይጣበቃሉ። ሀርት አታክ በያዛቸው ሰዎች ላይ ኤምፒቪ በአማካይ ከፍ ብሎ የተገኘው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቁጥሩ ግን በቀላሉ ይዋዥቃል። የተቀዳው ደም በምርመራ ቱቦ ውስጥ ሲቆይ ፕሌትሌቶቹ ያብጣሉ። ወዲያው ሲለካ 10 ያለው፣ ከሰዓታት በኋላ 11 ሊል ይችላል። ከማሽን ማሽንም ይለያያል።

ሐኪም ሀርት አታክን የሚለየው በዋናነት በምልክቱ፣ በኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግብ ምርመራ) እና በትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ምርመራ ነው። ደረታችሁን ጨምድዶ ከያዛችሁ፣ እባካችሁ «ፕሌትሌቴ ደህና ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።